እስኪመጡ ድረስ ያነበብኩላት

አክስቴ የልጇን ሞት የሰማችው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የሰማሁት ጠዋት ነበር፤ ቁርስ ሳልቀምስ። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ሻንቶ ከተማ፣ እሷ ቤት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጽሑፍ እያነበብኩላት አሳለፍነው። የኢንተርኔት ጽሑፍ ነው፤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ስለ ጽሑፉ አስቀድሜ ልናገር፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም።

ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ ከአንድ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር በላይ ባለች ጠባብ ክፍል አንድ ወጣት ድረ ገጽ ያዘጋጃል። ዜና ያወጣል፣ የእርሻ ምክር ያወጣል፣ የጤና ነገር ያወጣል። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ እሰጠዋለሁ። የምጽፈው ስለ ሰው ኑሮ ነው፤ ስለ ገበያ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ እንሰት ስለሚተክሉና መትከል ስለተዉ ሰዎች። የዘወትር ሥራዬ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ብዙ መናገር ስለማልወድ ቦታው ይስማማኛል። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ በሚወጡበት ዕድሜ ነው። ለዚህ ይመስለኛል በጽሑፍ ነገር ግትር የሆንኩት። ሰረዝ ያለ ቦታዋ ተቀምጣ ካየሁ ሌላው አይነበብልኝም።

አዘጋጁ የመጀመሪያ ጽሑፌን እስከ ታች አነበበው።

«እትዬ፣» አለ በመጨረሻ፣ «አማርኛው ያምራል። ግን እርስዎ እንግዳ ጠርተው ደጃፍ ላይ አብልተው ነው የሚሸኙት።»

«እንዴት?»

«ይኸው! ሁሉን ነገር መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ነግረውኛል። ሴትዮዋ ሱቋን ዘጋች፤ አለቀ። እንግዲህ ምን ፍለጋ ወደ ታች እወርዳለሁ? ስልክ የያዘ ሰው አውራ ጣቱ እኮ አያርፍም።»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረ። አንባቢ እስከ የት እንደወረደና የት ላይ ትቶ እንደሄደ የሚያሳይ መስመር አለው። የእኔ መስመር ከዳሞታ ተራራ ላይ እንደተለቀቀ ድንጋይ ቁልቁል ይወርዳል።

«እዚህ ጋ ትተውዎት ሄዱ፣» አለኝ በጣቱ እያሳየ። «እዚህ ጋ ደግሞ የቀሩትም ሄዱ። ይሄ እታች የቀረው፣ ማን እንደሆነ ያውቃሉ? እኔ ነኝ።»

ተናደድኩ፤ ግን ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ያስተምረኝ ጀመር። መጨረሻውን ይያዙት፤ አይልቀቁት። አንቀጹን ሲዘጉ አንድ ነገር ሳይነገር ይቅር። ሰውየው በሩን አንኳኳ ካሉ፣ ማን እንደከፈተለት የሚቀጥለው አንቀጽ ላይ ይንገሩን። ይህን ሁሉ «መንጠቆ» ይለዋል። ቃሉን አልወደድኩትም፤ የዓሣ ነገር ነው። ሥራውን ግን ተማርኩት። ያልወደድኩትን ነገር አጥብቄ የመማር ልማድ አለኝ።

የምፈትነው በአክስቴ ነበር። እሁድ እሁድ ከጸሎት በኋላ በሚኒባስ ሻንቶ እሄድና ሊወጣ ያለውን ጽሑፍ አነብላታለሁ። እሷ ማንበብ አትችልም። ለገበያ የምታዘጋጀውን ዳጣ፣ በርበሬውን ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር እየወቀጠች ወይም ነጭ ሽንኩርቱን እየላጠች ታዳምጣለች። ነገሩ ከያዛት «ከዚያስ?» ትላለች። ካልያዛት ግን «አሰልቺ ነው» አትልም፤ ጨዋ ናት። ሶዶ ሽንኩርት ስንት እንደገባ ትጠይቀኛለች። ይህን ለአዘጋጁ ነግሬው ስቆ ሊሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ይዤ በገባሁ ቁጥር «እትዬ፣ ሽንኩርቱ የት ላይ መጣ?» ይለኛል። እኔም ቦታውን አሳየዋለሁ፤ እዚያ ላይ እንቆርጣለን።

ከአክስቴ ጋር ቤት ውስጥ የምናወራው በወላይትኛ ነው። ንባብ ሲጀመር ግን ወደ አማርኛ ትዞራለች። አማርኛ ለተጻፈ ነገር የሚገባ ልብስ ይመስላታል። የተማረችው ገበያ ላይ፣ ከጉራጌ ነጋዴዎች ጋር ስትገዛና ስትሸጥ ነው፤ ስለዚህ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። እኔን «ና፣ ተቀመጥ፣ አንብብ» ትለኛለች። ላሟም «መጣ»፣ የጎረቤቷ ሚስትም «ሄደ» ነው። የሰውን ሁሉ አማርኛ እያረምኩ የእሷን ግን አርሜ አላውቅም።

እሷ ቤት ነው ያደግኩት ማለት ይቻላል። እናቴ ስታርፍ ወስዳኝ፣ ዘግይቼም ቢሆን ትምህርት ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት። ፊደል ያስቆጠረኝ ግን ልጇ ነው፤ አንድያ ልጇ። እሱ ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ እኔ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጃገረድ። ከትምህርት ቤት ባመጣው ጠመኔ በሩ ላይ ይጽፍና «በይ አንብቢ፣ ትልቋ!» ይለኛል። ከሳትኩ ጆሮዬን ይዤ ቁጭ ብድግ እንድል ያዝዘኛል፤ መምህሩ እሱን እንደሚያደርገው። አደረግኩ። ካላደረግኩ የሚቀጥለውን ፊደል አይጽፍልኝማ። አድጎ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ፤ ከሐዋሳ ሶዶ ይመላለስ ነበር።

በዚያ ጠዋት የደወለልኝ አጎቴ ነው፤ የአክስቴ ወንድም፣ ቢጠና የሚኖረው።

«ቁጭ ብለሻል?» አለኝ።

«ቁጭ ብያለሁ።» ቆሜ ነበር።

«ልጁ የለም። ጎህ ሲቀድ መኪናው ተገልብጦ። የለም በቃ።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እሱ ቀጠለ፤ መቀጠል ነበረበት። እኛ ዘንድ የልጅ ሞት ለእናት እንዲሁ አይወረወርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይጠራሉ፣ ስትወድቅ የሚይዟት ሴቶች አጠገቧ ይቆማሉ። ከዚያ አንድ ሰው ከሩቅ ጀምሮ፣ በጸሎትና በእግዚአብሔር ቃል ቀስ እያለ ይደርሳል። አጎቴ ከቢጠና መምጣት ነበረበት። ወንጌላዊው ገጠር ወርዷል፤ ሰው ተልኮበታል። አስከሬኑም ከሐዋሳ ገና አልተነሳም።

«እስክንሰበሰብ አንቺ ሂጂ፣» አለኝ። «ብቻዋን አትሁን። ስልክ አታንሳ፣ ደጅ አትውጣ። አንቺ ትችይበታለሽ። ታነቢላታለሽ።»

«ዛሬ እሁድ አይደለም እኮ፣ ምን ብዬ?»

«ምክንያት ፍጠሪ። ጸሐፊ አይደለሽ?»

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ለአዘጋጁ ደወልኩ። የአደጋ ዜና እንደሚያወጣ አውቃለሁ።

«የጭነት መኪና አደጋ ዜና ደርሶሃል?»

«አዎ፣ ፎቶ ልከውልኛል። ልለጥፈው ስል ነው የደወሉት።»

«የአክስቴ ልጅ ነው። የሽንኩርቷ አክስቴ። አልሰማችም።»

ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ሰማሁት።

«እኔ አላወጣውም፣» አለ። «ግን እትዬ፣ ሌላው ያወጣዋል። ፎቶው እጅ በእጅ እየዞረ ነው። የመኪናው ታርጋ ይታያል።»

«እስከ መቼ ጊዜ አለኝ?»

«እኔ እንጃ። ሻንቶ ስልክ የሌለው ልጅ የለም።» እንደ ማፈር እያለ፣ «ረጃጅሞቹን ያንብቡላት፣» አለኝ።

አክስቴን ጓሮ ጎደሬ ስትኮተኩት አገኘኋት። በሥራ ቀን ሳየኝ ቀና ብላ፣ «ምን ሆነሽ ነው?» አለች።

«አዲሱ ጽሑፍ ነገ ሊወጣ ነው። ሳትሰሚው እንዳይወጣ ብዬ።»

«ታዲያ ሥራሽስ?»

«አስፈቅጃለሁ።»

እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ ገባን። ስልኳ፣ ያ ባለ ቁልፉ፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ ጎረቤት ልሰካልሽ» ብዬ ይዤው ወጣሁ። ጎረቤቷ በር ላይ ቆማለች፤ ሰምታለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር። ስልኩን ተቀብላኝ ነጠላዋ ሥር ከተተችው። ልጆቿን ወደ ቤት እየገፋች አስገባቻቸውና በሩን ዘጋች።

ተመልሼ አክስቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቤቷ ጨለም ያለ ነው፤ መስኮቱ ትንሽ ነው፣ መብራትም አልገባበትም። መነጽሬን አደረግኩና አዲሱን ጽሑፍ ስልኬ ላይ ከፈትኩ። ነጭ ሽንኩርት የሞላ ሰፌድ ጭኗ ላይ አኖረች።

«አንብብ፣» አለችኝ በአማርኛ።

አነበብኩ። ጽሑፉ የቤት ኪራይ ስለበዛበት አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ሰውየው ሲንገር የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ከቤት ቤት ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ የት እንዳረፈ እስከ ታች ድረስ ደብቄዋለሁ። «ከዚያስ?» አለች። ሌላ አንቀጽ። «ከዚያስ?» አዘጋጁ ያስተማረኝ ሁሉ በትክክል ሠራ። በሩ ሲንኳኳ ቆም፤ ማን እንደሆነ ዝም። አንዱን መንጠቆ ከሌላው ጋር ስንት ምሽት ተቀምጬ ነው የቀጣጠልኩት፤ አሁን እያንዳንዱ ጉሮሮዬ ላይ ይቀር ጀመር። መጨረሻውን ይያዙት፣ አይልቀቁት። ይዤዋለሁ። እንዲህ ሆኖ የተያዘ መጨረሻ ግን አላውቅም።

ልብስ ሰፊው አለቀ። ሌላ ከፈትኩ፣ የድሮ።

«ይሄን ሰምቼዋለሁ፣» አለች።

«አስተካክዬዋለሁ።»

«እሺ። አንብብ።»

ማልቀስ አልቻልኩም። ጽሑፍ ሳነብ ድምፄ አንድ ወጥ ነው፤ በዚያ ተጠቀምኩ። ዓይኔን ከመስመሩ ካነሳሁ በሩን አያለሁ፣ በሩ ላይ ደግሞ ጠመኔው አለ፤ ጠመኔው ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፣ ለእኔ ግን አለ። ስለዚህ ዓይኔን አላነሳሁም። አንድ አንቀጽ ባለቀ ቁጥር ከሥሩ ሌላ መኖሩን ሳይ ደስ ይለኛል። ደስታ ብዬ ስጽፈው ያሳፍራል፤ ግን ሌላ ስም የለውም።

ስልኬ መደወል ጀመረ። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፤ መብራቱ ግን ብልጭ ይላል። አጎቴ። ዘመድ። እንደገና አጎቴ። ከዚያ፣ ሳነበው በነበረው መስመር ላይ አንድ መልእክት ከላይ ተንሸራቶ ወረደ። የእሱ ፎቶ ነው፤ ሲስቅ፣ ክንዱን የመኪናው መስኮት ላይ አድርጎ። ከሥሩ «ጌታ ቤተሰቡን ያጽናና» ይላል።

ስልኩን አጠፋሁት። ፊቴ ላይ እንደያዝኩት ጣቴ ብቻ ነው የሠራው። ማንበቤን አላቆምኩም።

የደረስኩበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት ቅርጫት ተሸክማ ከቢጠና ወደ ሶዶ ልትሄድ መንገድ ዳር መኪና ትጠብቃለች። መኪናው ሞልቶ ያልፋታል። እዚያ ድረስ የተጻፈ ነው። ቀጥሎ ስለ ትራንስፖርት ችግር ነበር የጻፍኩት፤ እሱን በቃሌ ማለት አቃተኝ። ስለዚህ ሴትዮዋን በእግሯ አስነሳኋት። ያልሆነ ነገር ጽፌ አላውቅም። አንድ የዕቃ ዋጋ ለማረጋገጥ ገበያ ሁለቴ የምመላለስ ሰው ነኝ። አሁን ግን ጥቁር መስታወት እያየሁ ሴትዮዋን አስኬድኳት። ዝናብ አዘነብኩባት። ዛፍ ሥር አስጠለልኳት። ዛፉ ሥር አንድ ሽማግሌ አስቀመጥኩ፤ ሽማግሌው ከየት እንደመጣች ጠየቃት። ቅርጫቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቃት። እኔም አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ ሳትነግረው ሄደች።

«ከዚያስ?»

ወንዝ ሞልቶ አገኘች።

«ከዚያስ?»

እስኪጎድል ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ሽንኩርት ስንት እንደገባ አልጠየቀችኝም። ሰፌዱን መሬት ላይ አውርዳው ነበር፤ መቼ እንዳወረደችው አላየሁም። እጆቿ ጭኗ ላይ ባዶአቸውን ተኝተዋል። እጇ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከአጥሩ ውጭ የእግር ኮቴ ተሰማ። ብዙ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ላይ ወደ አንድ ቤት የሚመጣው ለምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። አክስቴ ወደ በሩ አልዞረችም።

«አንብብ፣» አለችኝ።

«ወንዙ ጎደለ፣» አልኩ። «ሴትዮዋ ቅርጫቷን አነሳች።»

ገቡ። አጎቴ ከፊት፣ ወንጌላዊው ከኋላው፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ሴቶቹ። አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እህቴ፣ ሰው የእግዚአብሔር ነው፣ የሰጠው እሱ ነው፣ ሲፈልግም...» ብሎ እንደ ደንቡ ከሩቅ ተነሳ።

አክስቴ እጇን አነሳች። «ወንድሜ፣ ያን ያህል ከሩቅ አትምጣ። ደክመሃል። ንገረኝ።»

ነገራት። ቀጥሎ የሆነውን አልጽፍም።

አዘጋጁ ለቅሶው ላይ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ፣ ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ ዋለ። ሲወጣ አክስቴን ጎንበስ ብሎ ጨበጣት፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገራትም።

ድንኳኑ ከተነሳና ዘመድ ከተበተነ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ነጭ ሽንኩርት አልነበረም፣ ንባብም አልነበረም። በወላይትኛ ነው የተናገረችው። በራሷ ቋንቋ ስትናገር አንዲት ቃል አትስትም።

«ስልክሽ ጠፍቶ ነበር፣» አለችኝ።

የነጠላዬን ጫፍ ማጠፍ ጀመርኩ።

«ስታነቢ መነጽርሽ ላይ መብራት አለ። ሁልጊዜ አየዋለሁ፤ እንደ ትንሽ መስኮት ነው። ጠፋ። አንቺ ግን ታነቢያለሽ። የሚነበብ ነገር ሳይኖር የምታነቢ ልጅ አይደለሽም። ምን መጣ ብዬ አሰብኩ። በሥራ ቀን መጣሽ። ስልኬን ወሰድሽ። ጎረቤቴ ቀኑን ሙሉ ድምፅዋ አልተሰማም። ያለኝ ልጅ አንድ ነው። ሌላ ማንን ብለው ነው እንዲህ የሚደብቁኝ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«መቼ ዝም አልኩ? ከዚያስ አልኩሽ እንጂ።» ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «አንቺ ስታነቢ ማንም ምንም አላለኝም ነበር። ያላሉኝን አልሰማሁም። ስታቆሚ ነው የሚመጣው። እንዳታቆሚ ነው ከዚያስ የምልሽ።»

እሷን የያዝኳት እኔ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልጻፍኩም። አዘጋጁ አልጨቀጨቀኝም። አንድ ቀን ብቻ ደውሎ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄን ቢጽፉት ሰው እስከ መጨረሻው ነው የሚያነበው፣» አለ። ክፋት እንደሌለው አውቃለሁ። ለዚያ አልጽፈውም አልኩት። ተመልሼ መጻፍ ስጀምር ስለ አንድ የከሰረ ዳቦ ቤት ነበር፤ መክሰሩን መጀመሪያው መስመር ላይ አደረግኩት። ጠርቶኝ ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። መስመሩ ቁልቁል ወርዷል።

«እዚህ ጋ ሄዱ፣ እትዬ።»

«ይሂዱ።»

«መንጠቆውን የት ጣሉት?»

«ከአንባቢዎቼ ማን ምን ሰምቶ ማን ምን እንዳልሰማ አላውቅም፣» አልኩት። «የሚያነበው ሰው መጨረሻውን አውቆ ከወደደ ይቀመጥ።»

ጽሑፉን እንዳለ አወጣው። ጥቂት ሰዎች ታች ድረስ ወርደዋል፤ እነማን እንደሆኑ ለማሰብ እሞክራለሁ።

እሁድ እሁድ አሁንም ሻንቶ እሄዳለሁ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ይቆያል። አንብቢልኝ አትልም፤ እኔም ላንብብልሽ አልልም። ዳጣውን እንደገና ማዘጋጀት ጀምራለች። ነጭ ሽንኩርቱን አብረን እንልጣለን። አንዳንዴ የጀመረችው ወሬ መካከል ላይ ትቆምና በሩን ታያለች፤ እስክትመለስ እጠብቃታለሁ።

ባለፈው እሁድ ድንገት በአማርኛ፣ «ያ የቢጠና ሴትዮ ደረሰ?» አለችኝ።

«የፈጠርኩት ነው እኮ፣ አክስቴ።»

«አውቃለሁ። ደረሰ ወይ ነው የምልህ።»

«አልደረሰችም። ወንዙን ልትሻገር ስትነሳ ነው ያቆምነው።» ቀና ብዬ፣ «ልጨርስልሽ?» አልኳት።

ነጭ ሽንኩርቱን በጣቷ እያሻሸች አሰበች። ልጣጩ ወለሉ ላይ ረገፈ።

«ተወው፣» አለች። «ገና መንገድ ላይ ነው።»

ስለ ማን እንደምትናገር አልጠየቅኳትም።